ቀጭኑ ሚልክ ስታውት፣ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ጋ

ይሄን ልፅፍ ካሰብኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ፣ ደብተሬ ላይ ሁለት ገፅ ሙሉ ማስታወሻ ተቀምጧል ግን ለቢራው የምሰጠው ነጥብ ላይ መወሰን አቅቶኝ ነው የቆየሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጥር ላይ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ በሹራብ ጠቅልሎ ሦስት ካን ሚልክ ስታውት የሚባል ጥቁር ቢራ ይዞልኝ መጣ። ቢራ ቀምሼ እንደምፅፍ ስለሚያውቅ «እስቲ ይሄን ቅመስና የመሰለህን ንገረኝ» ብሎ ነው የሰጠኝ። ባህር ዳር ቤቴ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ልከፍተው አልፈለኩም፣ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ጋ ይዤው ልሄድ ወሰንኩ፣ ምክንያቱም እኔ ስለ መጠጥ የማውቀውን መጀመሪያ ያወኩት እሷ ጓዳ ውስጥ ነው። አክስቴ ጠላ እየጠመቀች ነው ያሳደገችን፣ አሁንም ትጠምቃለች፣ ደጇ ላይ ዛሬም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ አለች። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ስለሆነ ትዕዛዝ በዝቶባት ከጋን ወደ ጋን ስትመላለስ ነው የምትውለው።

የቢራውን ስም አልጠራም። ሦስት ካን ይዞ፣ ያውም በአውሮፕላንም በመኪናም ስንት መንገድ ተንገላቶ የመጣ ካን ቀምሶ፣ የሰው ልፋት ላይ ስም ጠርቶ መፍረድ ልክ አይመስለኝም። ካኑ ላይ አልኮሉ 4.8 ፐርሰንት ነው ይላል፣ ላክቶስ አለበት ይላል፣ ከዛ ደግሞ «ቀለል ያለ» ሚልክ ስታውት ነኝ ይላል፣ እና ይቺ ቀለል ያለ የምትለዋ ቃል ናት ሙሉ ቅዳሜያችንን የወሰደችው።

ሚልክ ስታውትን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። እኛ ሀገር ስታውት ሲባል የብዙ ሰው ሀሳብ የሐረሩ ሐኪም ስታውት ላይ ነው የሚያርፈው፣ ጥቁሩ ቢራ በቃ። ጥቁረቱ የሚመጣው ጠቆር እስኪል ከታመሰ ገብስና ብቅል ነው። ሚልክ ስታውትም መሰረቱ እሱ ነው፣ ግን ላክቶስ ይጨመርበታል። ስሙን ሰምቶ ወተት የተቀላቀለበት ቢራ የሚመስለው ሰው አለ፣ እንደዛ አይደለም፣ ላክቶስ ማለት የወተት ስኳር ነው፣ የሚወጣውም ከአጓት ነው፣ አዎ እኛ አይብ ስናወጣ ከስር የሚቀረው ቢጫማ ውሃ። እርሾ የብቅሉን ስኳር እየበላ አልኮልና ጋዝ ሲያደርገው ላክቶሱን ግን መብላት አይችልም፣ የሚሰብርበት ኢንዛይም የለውም፣ ስለዚህ ላክቶሱ እንዳለ ቢራው ውስጥ ይቀራል። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ ላክቶስ በጣፋጭነት ከቤት ስኳር ጋር ሲወዳደር አንድ ስድስተኛ አካባቢ ቢሆን ነው። ያን ያህል አያጣፍጥም ማለት ነው። ዋና ሥራው ቢራውን ማወፈር፣ አፍ ላይ ለስላሳና ሙሉ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ቢራው ስም ያወጣው እንግሊዝ ሀገር ነው፣ ኬንት ውስጥ ሃይዝ በምትባል ከተማ ማኬሰን የሚባለው ጠማቂ በፈረንጅ 1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ካወጣው በኋላ። ያኔ ለሚያጠቡ እናቶችና ለደካማ ሰው ይጠቅማል እየተባለ ይሸጥ ነበር፣ በ1946 ግን መንግስታቸው ወተት የሚለውን ቃል ከጠርሙሱ ላይ አስነሳው። ይሄን ለአክስቴ ስነግራት «ለአራስማ አጥሚት አለላት» ነው ያለችኝ።

ደብረ ማርቆስ የገባሁት ዓርብ ማታ ነው። ካኖቹን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ስደረድር አክስቴ አንዷን አነሳችና በእጇ እያገላበጠች «ምንድነው የተፃፈው?» አለችኝ። የወተት ስኳር አለበት፣ ቢራ ነው አልኳት። ካኗን ቀስ አድርጋ መለሰቻት። «ከወተት ከወጣ የፍስክ ነዋ የኔ ጌታ። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ነገ ይሁን።» እውነት ለመናገር እኔ እስከዛች ደቂቃ ድረስ እንደዛ አስቤው አላውቅም ነበር። ቢራ እህልና ውሃ ነው፣ ጠላም እንደዛው፣ ስለዚህ መጠጥን የፆምና የፍስክ ብሎ የመክፈል ልማድ የለንም፣ ሚልክ ስታውት ግን ከወተት የወጣ ነገር አለበት፣ ረቡዕና ዓርብ ለሚፆም ሰው አይሆንም፣ ዐቢይ ፆም ላይማ ጭራሽ። ካኑ ላይ ላክቶስ የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው ሳያስበው ሊገድፍ ይችላል። ውጭ ሀገር ያላችሁ፣ ለዘመድ ልታመጡም የምታስቡ፣ እባካችሁ ይሄን ንገሯቸው። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰውም ይወቀው፣ የሚነፋው ያው ላክቶሱ ነውና ቢራው ውስጥም ያገኘዋል።

ማደሩ ደግሞ ለቢራውም ጠቀመው። መንገድ ላይ የተናጠ ካን ወዲያው ከከፈቱት ግማሹ አረፋ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ በዛ ላይ ደብረ ማርቆስ ከባህር ዳር በጣም ከፍ ትላለች፣ ወደ 2,400 ሜትር ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ጋዙ ቶሎ ይሸሻል። ሁለቱን ካን አክስቴ ትንሿ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኳቸው፣ አንዷን ግን ውጭ ተዋት አለችኝና ጓዳ ከጋኖቹ ጎን መሬት ላይ አስቀመጥናት። ለምን እንዳለችኝ ያኔ አልጠየኳትም።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሳይፈላ ነው የጀመርነው፣ ምላስ ምንም ሳይነካው። ቤት ውስጥ ግን አልሆነም፣ ለሠርጉ ጠላ የታመሰው አሻሮ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር፣ የታመሰ ገብስ እየሸተተህ የታመሰ ገብስ ያለበት ቢራ ማሽተት ማለት ሰው የሚጮህበት ክፍል ውስጥ ሹክሹክታ እንደመስማት ነው። በረንዳ ወጣን፣ ፀሐይዋ ገና ሞቅ እያለች ነበር፣ ሁለት ንፁህ ብርጭቆ፣ ውሃ፣ የኩሽና ቴርሞሜትሬ፣ ደብተሬ።

የመጀመሪያዋ ካን ከፍሪጅ ስትወጣ 5 ዲግሪ ነበረች። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጌ ቀስ ብዬ ቀዳሁት፣ ሁሌም እንደማደርገው። መልኩ በጣም ያምራል፣ ጥቁር፣ ወደ ፀሐይ ሲያዙት ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ጋርኔት ቀይ የሚል፣ አረፋው የቡና ማኪያቶ አረፋ ቀለም ያለው፣ ጣት የሚያህል ቆመ። አክስቴም አየችውና «ሸጋ መልክ አለው» አለች። ስታሸተው ግን ረዘም አደረገችው፣ አፍንጫዋን ብርጭቆው ውስጥ አስገብታ ዓይኗን ጨፈነች። «አሻሮ ነው። ደህና ታምሷል፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ግን አርሯል።» እኔ ደብተሬ ላይ የፃፍኩት ቡና፣ ያልጣፈጠ ካካዋ፣ የተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት የሚል ነበር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ትንሽ አመድ አመድ የሚል ነገር። እሷ አርሯል ያለችው ያንን ነው። የወተት ሽታ ወይ ክሬም የሚመስል ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ።

ከዛ ቀመስን። የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ መራራው ነው የሚቀድመው፣ ስኳር የሌለው ጠቆር ያለ ቡና ዓይነት፣ ቀጥሎ ጋዙ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ከዛ... የለም። ማለቴ ጣዕሙ ጉሮሮ ላይ አለ፣ ቢራው ግን አፍህ ውስጥ የለም፣ ሄዷል። ደብተሬ ላይ «ውሃ ውሃ ይላል» ብዬ ፃፍኩ። አክስቴን ቀና ብዬ አየኋት፣ ዝም ብላለች፣ ደግማ ተጎነጨች፣ አሁንም ዝም።

«ቅራሪ ሆኖብሽ ነው እትዬ?» አልኳት።

«አይ፣ ቅራሪ አይደለም። ቅራሪ እኮ ሁሉ ነገሩ ነው የሚሳሳው፣ ሽታውም መራራውም መልኩም። ይሄ ጉልበቱ አለው። ግን ምላስ ላይ አይቀመጥም፣ ይሮጣል።»

ምላስ ላይ አይቀመጥም፣ ይሮጣል። እኔ ስንት ዓመት ስለ ቢራ ስፅፍ ስለ ቦዲ ለማስረዳት ስታገል የኖርኩትን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው። በአማርኛ ቦዲን ምን እንበለው እያልን የምንከራከር ሰዎች አለን፣ ሰውነት የሚል አለ፣ ውፍረት የሚል አለ፣ ለካ ጠላ ጠማቂዎች ቃሉ ሁሌም በእጃቸው ነበር። ጉሽ የሚሉት አለ፣ ሳይጠራ ከነእህሉ የሚጠጣው፣ እሱ ይታኘካል ማለት ይቻላል። ፊልተሩ አለ፣ ተጣርቶ ጥርት ያለ ግን ኃይለኛ። ቅራሪ አለ፣ ዋናው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ድፍድፉ ላይ እንደገና ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው። እና እሷ በሁለት ጉንጭ የለየችው ነገር ትልቅ ነገር ነው፣ መቅጠን ሌላ ነው፣ መቅለል ሌላ ነው። የቀለለ ቢራ ጣዕሙም አብሮ ስለሚሳሳ እርስ በርሱ ይስማማል። የቀጠነ ቢራ ግን ጣዕሙ እንዳለ ሆኖ የሚሸከመው ነገር ነው ያጣው፣ ስለዚህ መራራው ብቻውን ራቁቱን ይቆማል። ያ አመድ አመድ ያለኝም ለዛ ይመስለኛል፣ ወፍራም ስታውት ውስጥ ቢሆን ያው የታመሰ ገብስ ቸኮሌት ይሆን ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ስህተት ላርም፣ ካፌ ውስጥም ደጋግሜ የምሰማው ነው። ጥቁር ቢራ ከባድ ነው፣ አልኮሉም ይበዛል፣ ወፍራም ነው ይባላል። ቀለም ከውፍረት ጋር ምንም አያገናኘውም። ጊነስ ድራፍት 4.2 ፐርሰንት ነው፣ አሰራሩም ደረቅና ቀጭን ቢራ ነው፣ አፍ ላይ ክሬም የሚመስለው ናይትሮጅን ስለተጨመረበት ነው፣ የናይትሮጅን አረፋ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አይቆነጥጥም ይልቅ ይለሰልሳል፣ ይሄን ከ1959 ጀምረው ነው የሚያደርጉት። በተቃራኒው ደግሞ ማኬሰን አለ፣ አልኮሉ 3 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ከብዙ የኛ ሀገር ቢራ ያነሰ፣ ግን ወፍራምና ጣፋጭ ነው። አልኮል መቀነስና ቢራ ማቅጠን አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ካኑ ላይ «ቀለል ያለ» ብለው ሲፅፉ የትኛውን ማለታቸው ነው? አልኮሉን ቀንሰው ውፍረቱን መያዝ ይችሉ ነበር እኮ። እኔን ያበሳጨኝ ይሄ ነው።

እንዴት እንደቀጠነ ለመገመት ሞከርኩ። ቢራ ሲጠመቅ ብቅሉ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ማሽ ይሉታል፣ እዛ ጋ የውሃው ሙቀት ሁሉን ይወስናል። 63፣ 64 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ እርሾ በደንብ የሚበላው ስኳር ይበዛል፣ ቢራው ደረቅና ቀጭን ይሆናል። 68፣ 69 ላይ ከሆነ ደግሞ እርሾ የማይበላው ረጃጅም ስኳር ይቀራል፣ ቢራው ይወፍራል። ሚልክ ስታውት የሚሰራ ሰው ወደ ላይኛው ነው መሄድ ያለበት። ከዛ የላክቶሱ መጠን፣ ቤታቸው የሚጠምቁ ፈረንጆች ለ19 ሊትር ገደማ 450 ግራም ነው የሚያደርጉት በብዛት፣ ከዛ በጣም ሲያንስ መኖሩም ብዙም አይታወቅ። አጃ ጨምሮ ማለስለስም ይቻላል። የመጨረሻው ጋዙ ነው፣ ጋዝ ሲበዛ ምላስ ይቆነጠጥና ቢራው ካለውም በላይ ቀጭን ይመስላል። ለአክስቴ ይሄን ሁሉ ሳስረዳት እንኩሮዋን እያሰበች መሰለኝ በትዕግስት ሰማችኝ፣ ከዛ የያዘችው አንዱን ነገር ብቻ ነው፣ የመጨረሻውን። «ጋዙንማ እኛም ልናስወጣለት እንችላለን» ብላ ተነሳች።

ጓዳ ገብታ ያቺን ከጋኑ ጎን ያደረችውን ካን ይዛ መጣች። ቴርሞሜትሩን ሳስገባ 13 ዲግሪ፣ ስታውትን ለመቅመስ እኔ ራሴ ፈልጌ የማላገኘው ልክ። ጋኖቹ የሚቀመጡበት ጥግ ፀሐይ አይነካውም፣ መሬቱ አፈር ነው፣ ጠላዋ የሚወደው ቦታ ቢራውንም ተስማማው። «ፍሪጅ ጣዕም ያስራል» አለችኝ፣ ለዛ ነው ማታ ውጭ ተዋት ያለችው።

አቀዳዷ ደግሞ ሌላ ነው። እኔ ብርጭቆ አዘንብዬ እንደ መድኃኒት ነው የምቀዳው፣ እሷ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችና ከላይ፣ ክንድ ከሚያህል ከፍታ ላይ፣ መሀል ለመሀል ለቀቀችው። አረፋው ተነስቶ ሊገነፍል ሲል አቆመች፣ ጠበቀች፣ እስኪወርድ። እንደገና ለቀቀች። ከዛ ያንን ወደ ሁለተኛው ብርጭቆ ገለበጠችው፣ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው መለሰችው፣ ሁለት ጊዜ እንደዛ አደረገች፣ እና እጇ ላይ ጠብ ያለውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አረፋው ተለወጠ። ቅድም ትላልቅ ዓይን የነበረው አረፋ አሁን ደቃቅ ሆነ፣ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀለበት እየሰራ የሚወርድ። ጋዙ ግማሹ ሄዷል። እኔ በየውድድሩ ደንብ ቢራ ሲቀዳ ተጠንቀቁ የሚለውን ብቻ ይዤ ስንት ስታውት አበላሽቻለሁ ማለት ነው።

ሽታው ላይ ወዲያው ለውጡ አለ። ካካዋው ወደፊት መጣ፣ ቡናው ከሱ ኋላ ሆነ፣ አመዱ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፣ ከስር ደግሞ ቅድም ፈልጌ ያጣሁት መጣ፣ ካራሜል ከረሜላ ሲቀልጥ የሚሸት ዓይነት ጣፋጭ ነገር። ቡናውን በትክክል ለመግለፅ ከተባለ መሀከለኛ ላይ የተቆላ የዘጌ ቡና ሁለተኛው ላይ፣ ቶና ላይ የሚሸተው ነው፣ አቦሉ አይደለም። ምላስ ላይም እንደዛው፣ መራራው አሁን ብቻውን አልቆመም፣ ትንሽ ጣፋጭ ደግፎታል፣ ጋዙ አይቆነጥጥም፣ እና ቢራው ምላስ መሀል ላይ ትንሽ ቆም ይላል። ትንሽ ነው ያልኩት። ወፍራም ሆነ አላልኩም። ሙቀትና ጋዝ ማስወጣት ያለውን ያሳያል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም፣ ከጠማቂው እጅ ሲወጣ የጎደለው ጎድሎ ቀርቷል። አክስቴ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ «አሁን ተቀመጠ። ይነሳል ግን፣ ቶሎ ይነሳል።»

ከዛ ቁርስ መጣ፣ ድፎ ዳቦና አይብ። ይሄን ሆን ብዬ ነው ያደረኩት፣ ላክቶሱም አይቡም ከአንድ ወተት ስለሚወጡ ይስማማሉ ብዬ ነበር የገመትኩት። አልተስማሙም። አይቡ አፍ ውስጥ ሲቀመጥ ቢራው ከሱ ጋር ሲወዳደር የባሰ ቀጠነ፣ መራራውም ጎላ። ከድፎው ጋር ግን በጣም ደስ ይላል፣ በተለይ ከታችኛው ቡናማ ቅርፊት ጋር፣ ቅርፊቱ ላይ ያለችው የኮባ ሽታ ከካካዋው ጋር ገጠመች፣ ሳላስበው ብርጭቆዬ አለቀ።

አሁን ነጥቡ። የቢራ ዳኞች የሚመሩበት ቢጄሲፒ የሚባለው ከ1985 ጀምሮ ያለ የአሜሪካኖች ድርጅት ነው፣ ነጥቡ ከ50 ነው፣ ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ አፍ ላይ ያለው ስሜት 5፣ ጠቅላላ ስሜት 10። ሚልክ ስታውት እነሱ ጋ ስዊት ስታውት የሚባለው ክፍል ውስጥ ነው የሚገባው፣ አልኮሉ ከ4 እስከ 6፣ ውፍረቱ ደግሞ ከመካከለኛ ከፍ ያለ እስከ ሙሉ፣ ክሬም የሚመስል መሆን አለበት ይላሉ። በዚህ ሂሳብ ሳሰላው የመጀመሪያዋ ካን ሽታ 8፣ መልክ 3፣ ጣዕም 12፣ አፍ ላይ 2፣ ጠቅላላ 6፣ ድምሩ 31 መጣ። ሁለተኛዋ ሽታ 10፣ መልክ 3፣ ጣዕም 14፣ አፍ ላይ 3፣ ጠቅላላ 6፣ ድምሩ 36። ከ30 እስከ 37 ያለው «በጣም ጥሩ» ነው የሚባለው፣ ሁለቱም እዛው ውስጥ ናቸው።

ሦስት ሳምንት ያቆየኝ ይሄ ነው። ወረቀቱ በጣም ጥሩ ይላል፣ እኔ ደግሞ ባዶ ብርጭቆ ይዤ የሆነ ነገር ጎድሎኛል። አፍ ላይ ላለው ስሜት ዜሮ ብሰጠው እንኳን ከ36ቱ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው የሚወርደው፣ 33፣ አሁንም በጣም ጥሩ። ለሌላ ቢራ ይሄ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ለላገር፣ ለተለመደው ቢጫ ቢራ፣ 5 ነጥብ ይበቃዋል። ግን ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር አለ፣ ላክቶስ ብዙም አያጣፍጥም፣ የገባበት ምክንያት ለማወፈር ነው። ሚልክ ስታውት ውስጥ ውፍረት ከጎን የሚታይ ነገር ሳይሆን የቢራው ስም ራሱ ነው፣ ወተት የምትለዋ ቃል እዛ የተቀመጠችው ለሱ ነው። ያንን አውጥተህ ሚልክ ስታውት ብትለኝ እኔ በግሌ ስሙ ይከብደዋል ነው የምለው።

አክስቴን ስንት ትሰጭዋለሽ አልኳት። «ሂሳቡን አንተ ታውቃለህ» አለችና ጣቷን ብርጭቆው አፍ ላይ እያዞረች ትንሽ አሰበች። «እንግዳ ቢመጣብኝ አቀርብለታለሁ፣ አላፍርበትም። ድገም ስለው ግን እሺ የሚለኝ አይመስለኝም። አንተው ደገምክ?» አልደገምኩም። ብርጭቆዬ ባዶ ሆኖ ካኗ ውስጥ ሲሶው ቀርቶ ነበር፣ ከድፎው ጋር ቶሎ ጨረስኩት እንጂ ዳቦው ካለቀ በኋላ እጄ ወደ ካኗ አልሄደም። ጠላ ቤት ውስጥ ዳኝነት እንዲህ ነው፣ የመጀመሪያውን ሰው በይሉኝታም ይጠጣል፣ የሚታየው ድገም ሲባል ነው።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንኩ። ቢራ በሚገባው ሙቀትና በሚገባው አቀዳድ ነው መዳኘት ያለበት፣ ፍሪጅ ያሰረው ጣዕም የጠማቂው ጥፋት አይደለም፣ ስለዚህ የሁለተኛዋን ካን ነጥብ ነው የያዝኩት። ግን ጠቅላላ ስሜት የሚለው ላይ የሰጠሁትን 6 ወደ 4 አወረድኩት፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ የመድገም ጥያቄ የሚገባበት ቦታ ካለ እሱ ነው። 34። ጥሩ ቀለም፣ ጥሩ ሽታ፣ በደንብ የታመሰ ግን ጫፉ ላይ ያረረ ገብስ፣ አፍ ላይ የማይበረክት። ለማን ይሆናል ብትሉኝ ስታውት ከብዶት ለሚያውቅ ሰው፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጥቁር ቢራ ላማረው ሰው፣ ከዳቦ ጋር። ጠማቂው ይሄን ቢያነበው ደግሞ የምለምነው ማሹን አራት አምስት ዲግሪ ከፍ እንዲያደርግ ነው፣ አልኮሉን አይንካ፣ ጋዙን ይቀንስ፣ ገብሱን ከእሳት ላይ ትንሽ ቀደም ብሎ ያውጣ። በጣም ቅርብ ነው እኮ። የራቀ ቢሆን ሁለት ገፅ አልፅፍለትም ነበር።

ሦስተኛዋ ካን አክስቴ ጋ ቀርታለች። ከፍሪጅ አውጥተን ጋኑ ጎን አስቀመጥናት፣ ለሠርጉ የጠመቀችው ሲደርስና ተከፍቶ ሲቀዳ ጎን ለጎን እንቀምሳቸዋለን ተባብለናል፣ እሷ ጠላውን በኔ ወረቀት እኔ ቢራውን በሷ ድገም እንዳኛለን። ቀኑ ረቡዕ እንዳይሆን ብቻ አይተናል፣ ማክሰኞ ነው።